ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምርምር

ጣና ዳር ላደገ ሰው እንዶድ እንግዳ ተክል አይደለም፤ ነጠላና ጋቢ በፍሬው ታጥቦ ሲነጣ አይቷል። የሐይቁ ዳርቻም ቢልሃርዝያ ከሚገኝባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በውሃው፥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ተክል በደጅ እያሉ፥ ሁለቱን በምርምር ያገናኙት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

በጅጅጋ የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ፥ ከፍተኛ ትምህርታቸውን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተከታተሉ ሊቅ ነበሩ። በ1964 እ.ኤ.አ. (ዘመኖቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአድዋ ወንዞች ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱት በዝተው አገኙ። ሕያዋኑን ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው ቢያደርጉ ሞቱ። ግኝቱ የላቦራቶሪ ሳይሆን የወንዝ ዳር ግኝት መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው መሩ። ከ1969 ጀምሮ በአድዋ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ፥ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ሙከራው ባበቃበት በ1974 ዘውዳዊው መንግሥት ወደቀ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ፤ ዳግመኛ የተከፈተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ነው። መሥራቹም ኢንስቲትዩቱን ለቀው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቀጠሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ተቋም ትዝታ ብዙውን ጊዜ ከመሪው ጋር ይሄዳል። በዚህ ግን ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ፤ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየአገሩ ሰብስበው እያዳቀሉና እያነጻጸሩ፥ 44 በሚል ቁጥር የታወቀውን ምርጥ ዓይነት ለይተዋል። መንግሥት ሲለወጥ ያልጠፋው ዕውቀት በእኔ ግምት በተክል አልጋና በመዝገብ የተያዘው ነው።

የውጭው ዓለም በር ግን ቶሎ አልተከፈተም። የዓለም ጤና ድርጅት የመርዛማነቱ ምርመራ በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲደገም ጠየቀ፤ ይህን የሚያሟላ ላቦራቶሪ በአገር ቤት አልነበረም። ጥያቄው በራሱ አግባብ ነበር፤ ዓመታት ማስቆጠሩ ግን ዶክተር አክሊሉን አስቆጣ። በአፍሪካ የተገኘ ዕውቀት አይታመንም ሲሉ በአደባባይ ተከራከሩ።

በ1989 ሁለቱ ባልደረቦች አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ፤ ኢንስቲትዩቱም በስማቸው ተሰየመ። በጣና ዳር ትምህርት ቤቶች ለቢልሃርዝያ የሚታደለው ከውጭ የሚገባ እንክብል ነው፤ እንዶዱ ዛሬም ልብስ ያጥባል።