ደንብ አክባሪው ግብ አግቢ፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

በዚህ የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ሰው ስማቸው ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በጎፋ ሰፈር ሁለት ድንጋይ ለግብ አቁሞ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ስማቸውን ባያውቅ እንኳ ሥራቸውን ያውቃል። የሚጫወትበትን ደንብ ወደ አማርኛ መልሰው ለአገር ካዳረሱት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸውና። ብዙዎቻችን ስለ እሳቸው ስንጠየቅ ቶሎ ትዝ የሚለን የ1954ቱ ዋንጫ ነው። ዋንጫው ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ከዋንጫው በፊትና በኋላ የሠሩት ሥራ ነገ ተማሪ ፊት ለሚቆም ሰው የበለጠ ያስተምራል ብለን እናምናለን። (እ.ኤ.አ. ካልተባለ በስተቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪና ሙያ የተማሩ፣ እዚያው ሳሉም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥምና በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። የአንደበቱ ስለት ከአባት የተወረሰ ይመስላል፤ ኳሱ ግን የራሳቸው ነው።

ትምህርታቸውን በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከታተሉ ሳለ፣ በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን አቋቋሙ። ይድነቃቸው ያኔ የ14 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ጋር ተሰለፉ። ምን ያደርጋል፣ ዓመቱ ሳያልቅ ሚያዝያ ላይ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ።

የፋሺስቱ አስተዳደር አገሩን ብቻ ሳይሆን የኳስ ሜዳውንም በዘር ከፈለው። ነጩ ለብቻው፣ አበሻው ለብቻው እንዲጫወት ተወሰነ። የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም ተፍቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ወጣት በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሜዳው፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከማን ጋር መጫወት እንዳለበት ሲነገረው ምን ይሰማዋል? ይህን ጥያቄ ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ አቶ ይድነቃቸው በአንድ እጃቸው ኳስ፣ በሌላው እጃቸው ብዕር የያዙ ሰው ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት በተጀመረው የአገሪቱ ውድድር የተሰለፉት ቡድኖች አምስት ነበሩ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት እስኪያገኝ 1942 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረበት። እንግዲህ አምስቱም ቡድን የየራሱ ቋንቋና የየራሱ ደጋፊ ያለው ነውና፣ ሁሉም የሚዳኝበት፣ አገሬውም በቋንቋው የሚያነበው አንድ ደንብ ማስፈለጉ አያጠያይቅም። ደንቡን ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ ክብደት እዚህ ላይ ይታያል።

ሜዳ ላይስ እንዴት ነበሩ? በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ 23 ዓመት ተጫውተዋል። በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብተዋል ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ማለት በ10 ጨዋታ 9 ጎል ግድም መሆኑ ነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ያውም ኳስ መተዳደሪያ ባልሆነበት ዘመን!

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም፣ ከሱዳን፣ ከግብፅና ከደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች ጋር ኢትዮጵያን ወክለው የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። እዚያው ለሚደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አልልክም አለች። ጉባኤው እንደዚያ ከሆነ ቅሪ አላት። የውቤ ሰፈሩ ጎረምሳ በ20 ዓመት ውስጥ ያንኑ የዘር ሜዳ ለሁለተኛ ጊዜ አዩት፤ የአሁኑ ልዩነት፣ ከሚፈርዱት መካከል አንዱ እሳቸው መሆናቸው ነው።

በዚያ ውድድር ኢትዮጵያ ተጋጣሚዋ ደቡብ አፍሪካ ስለቀረች ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ እንደገና 4 ለ 0። ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ ውጤት የተረታ ቡድን ሦስተኛውን ግጥሚያ እንዴት ብሎ ይጠብቀዋል?

ሦስተኛው ግጥሚያ በአዲስ አበባ ሆነ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ቡድናቸው በቱኒዚያ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ ተነሥቶ 4 ለ 2 አሸነፈ። በሳምንቱ፣ ጥር 13 ቀን፣ የጥምቀት በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ያኔ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ መጣች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያውያን ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። መጀመሪያ ግርማ፣ ቀጥሎ ሊፈጸም ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቻኖ ቫሳሎ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ደገሙት። 4 ለ 2 አለቀ፤ ስታዲየሙም በእልልታ ተናወጠ። አምበሉ ሉቻኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሉቻኖና ኢታሎ ወንድማማች ናቸው፤ እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣልያን ወታደር ነበር። በጣልያን ዘመን በቀለሙ ምክንያት ከነጭ ጋር እንዳይጫወት የተከለከለው ልጅ፣ አሠልጣኝ ሲሆን ከሚያሰልፋቸው ተጫዋቾች መካከል የጣልያን ልጆች ነበሩ። ቂሙን በሌላ ሰው ልጅ ላይ አልተወጣም። ሰልጣኞች፣ ይህን ከማንኛውም ጎል በላይ አስቡበት።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ከሜዳው ዳር ወደ ስብሰባ አዳራሽ ዞረ። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ሙሉ ቦታ አልተሰጣትም ነበር፤ የአፍሪካው አሸናፊ ከእስያና ከኦሺያኒያው አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም ነበረበት። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ነገሩን አጥብቀው ተቃወሙ፤ 15 የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። ከ1962ቱ ውድድር ጀምሮ ለአፍሪካ አንድ ቦታ፣ ከ1974ቱ ጀምሮ ደግሞ ሁለት ቦታ ተሰጠ።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የደቡብ አፍሪካም ጉዳይ አልተኛላቸውም። ፊፋ አገሪቱን እ.ኤ.አ. በ1961 አገደ፣ በ1963 እገዳውን አነሣ፣ በ1964 መልሶ አገደ። በመጨረሻ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ከአባልነት ጨርሶ አስወጣት። ይህ እስኪሆን በየጉባኤው ደጋግመው ከተሟገቱት ሰዎች ዋነኛው አቶ ይድነቃቸው ናቸው።

ሰው ናቸውና ሁሉም ሐሳባቸው አልጸናም። ኳስ የገንዘብ አገልጋይ እንዳይሆን ይሠጉ ነበር፤ ማስታወቂያ ሜዳውን መውረሩንና የአፍሪካ ልጆች ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለሳቸውን ይቃወሙ ነበር። ለአፍሪካ ዋንጫ በውጭ አገር የሚጫወቱ ሰዎች ቁጥር የተወሰነበት ጊዜም ነበር። ይህ ገደብ በኋላ ተነሣ፤ ዘመኑም በሌላ መንገድ ሄደ። ዛሬ አንዳንዱ ግትር ነበሩ ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያለ ዕድሜያቸው በደላላ እጅ የሚወድቁትን ልጆች እያየ ፍርሃታቸው ትክክል ነበር ይላል። ፍርዱን ለእናንተ ትተነዋል፤ በመኝታ ክፍል ተከራከሩበት።

አቶ ይድነቃቸው ለ15 ዓመት ያህል በፕሬዚዳንትነት ከሠሩ በኋላ፣ ከሥልጣናቸው ሳይወርዱ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። በእንቁጣጣሽ የተወለዱት ሰው በቡሄ ዕለት ተለዩን፤ 66 ዓመት ሊሞላቸው የቀረው አንድ ወር እንኳ አልነበረም።

ከዘጠኝ ዓመት ግድም በኋላ፣ ጥር 1988 ዓ.ም.፣ ከአፓርታይድ የተላቀቀችው ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጀች፤ በፍጻሜውም ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ነጩ አምበል ኒል ቶቪ ዋንጫውን ከፍ ሲያደርግ በዙሪያው የቆሙት ጓደኞቹ ነጭም ጥቁርም ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተጠየቀው ቡድን ይኸው ነበር፤ ለመምጣት 39 ዓመት ፈጀበት እንጂ።

እኛስ? ነገ በየገጠሩና በየከተማው ተበትነን ፊሽካ አንገታችን ላይ አንጠልጥለን ልጆችን በሁለት ቡድን እንከፍላለን። ያን ጊዜ ማን ከማን ጋር ይጫወት፣ ማንስ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቅር የሚለው ውሳኔ በእጃችን ነው። ልጁ ውጤቱን ይረሳዋል፤ ለምን እንደ ተተወ ግን አይረሳም።