የሚስ ሬቸል ካርሰን አጭር የሕይወት ታሪክ

በእኛ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዘንድ ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ ሥራ ሲነሣ፥ ብዙዎቻችን የሚታየን ጠመንጃ አንግቶ ጫካ ለጫካ የሚዞረው ዘበኛ ብቻ ነው። ስለዚህ በጠረጴዛና በብዕር ይህንኑ ሥራ የሠሩትን የሚስ ሬቸል ካርሰንን ታሪክ መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሚስ ካርሰን በ1907 በአሜሪካ፥ በፔንሲልቬንያ ግዛት፥ ስፕሪንግዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ኮሌጅ የገቡት ደራሲ ለመሆን አስበው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሊማሩ ነበር፤ ነገር ግን ባዮሎጂ ልባቸውን ስለ ሳበው ወደዚያ ተዛወሩ። በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዞኦሎጂ የማስተርስ ዲግሪ ተቀበሉ። ከዚያ በላይ እንዳይማሩ የቤተሰባቸው ችግር ከለከላቸው፤ በ1935 አባታቸው ሲሞቱ እናታቸውን መጦር በእርሳቸው ላይ ወደቀ።

በዚያን ጊዜ ለመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት የራዲዮ ድርሰት ይጽፉ ጀመር። የመንግሥት ሠራተኞችን ፈተና አልፈው በ1936 በዚያው መሥሪያ ቤት በባለሙያነት ተቀጠሩ። ሥራቸው የሊቃውንትን ዘገባ ማረምና ሕዝብ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ መጻፍ ነበር። ለሚያየው ሰው የሚያስቀና ሥራ አይደለም፤ እኛ ግን ከዕድሜያቸው ሁሉ እጅግ የጠቀማቸው ይህ የቢሮ ዘመን ይመስለናል። በ1945 በሜሪላንድ ግዛት ስለሚደረገው የዲዲቲ ምርመራ በሥራቸው ምክንያት ዐወቁ፤ ስለዚሁ እንዲጽፉ ለአንድ መጽሔት ሐሳብ ቢያቀርቡ መጽሔቱ አልተቀበላቸውም። ነገሩን ግን አልረሱትም። በ1951 ስለ ባሕር የጻፉት መጽሐፍ በብዛት ስለ ተሸጠ፥ በማግሥቱ ዓመት ሥራቸውን ለቀው በድርሰት መተዳደር ጀመሩ።

መጽሔቱ እንቢ ካላቸው ከ17 ዓመት በኋላ፥ በ1962፥ ጸጥ ያለ ጸደይ የሚል ትርጕም ያለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። መድኃኒቱ በዛፍ ላይ ይረጫል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ትል ቅጠሉን ይበላል፤ ወፍ ትሉን ትበላና ትሞታለች። ይህን ደረጃ በደረጃ አስረዱ። መድኃኒት የሚሠሩት ኩባንያዎች ክፉኛ ተነሡባቸው። እርሳቸው ግን መድኃኒት ሁሉ ይቅር አላሉም፤ በልክና በዕውቀት ይሁን ነው ያሉት። ዲዲቲ በአገራችንም ለወባ መከላከያ ብዙ ዘመን በየቤቱ ሲረጭ የነበረ ስለ ሆነ፥ ይህን ልዩነት ማወቅ ይገባናል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ካንሰር ይዟቸው ነበር፤ ሕመማቸውንም ከሕዝብ ሰውረው በ1963 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርበው መሰከሩ። በሚያዝያ 1964 በ56 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዲዲቲ በአሜሪካ እርሻ ላይ እንዳይረጭ የተከለከለው በ1972 ነው። የእንቍላሉን ቅርፊት ይኸው መድኃኒት አሳስቶበት ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው ራሰ ነጩ ንስርም ቀስ በቀስ በዝቶ፥ በ2007 ለጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ወጣ።