የእረኛው ልጅ ቶማስ ቴልፎርድና የመሐንዲስነት ማዕረግ

አንድ ሰው መሐንዲስ ነኝ ብሎ ሲነሣ ማን ይመሰክርለታል? ሐኪም ቢሳሳት የሚጎዳው በእጁ ያለው በሽተኛ ነው፤ መሐንዲስ ቢሳሳት ግን በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ሕዝብ ሁሉ አብሮ ይወድቃል። እንግዲህ በዚህ ስም የሚጠራውን ሰው መርምሮ የታመነ መሆኑን ለሕዝብ የሚያስታውቅ አንድ ወገን መኖር አለበት ማለት ነው። በብሪታንያ ይህን ኃላፊነት የተሸከሙት በንጉሥ ቻርተር የጸኑ የመሐንዲሶች ማኅበራት ናቸው። በእነርሱ ተመርምሮ ያለፈና ስሙ በመዝገብ የተጻፈለት ሰው ቻርተርድ መሐንዲስ ይባላል። የዚህን ማዕረግ ሥር ወደ ኋላ እየተከተልን ብንሄድ የምንደርሰው፣ የኮሌጅ ደጃፍ ረግጦ ከማያውቅ ከአንድ ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ ነው። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የወደድነው ይህን ሰው፣ ቶማስ ቴልፎርድን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቴልፎርድ የተወለደው በስኮትላንድ ደቡብ፣ ኤስክዴል በሚባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ኦገስት 9 ቀን 1757 ዓ.ም. ነው። አባቱ የበግ እረኛ ነበር። ልጁ ገና በእናቱ እቅፍ ሳለ አባትየው ሞተ። እናቱ ጃኔት ከአንድ ልጅዋ ጋር በድህነት ቀረች። ልጁም ከፍ እንዳለ የጎረቤት በግ እየጠበቀ፣ የሰው መልእክት እያደረሰ፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ በደብሩ ትምህርት ቤት ንባብና ጽሕፈት ተማረ። ድህነት ፊቱን አላጠቆረውም፤ በሳቂታነቱ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበር ይባላል።

ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ድንጋይ መጥረብ እንዲማር ለአንድ ግንበኛ ተሰጠ። የመጀመሪያው ጌታው ክፉ ሰው ሆነበትና ትቶት ወደ እናቱ ተመለሰ። ሁለተኛው ጌታ ግን በላንግሆልም ከተማ የሚሠራ ደኅና ሰው ነበር። ወጣቱ ቀን ድንጋይ ሲጠርብ ይውልና ማታ ማታ አንዲት ደግ እመቤት ያዋሰችውን መጽሐፍ በምድጃ እሳት ብርሃን ያነብ ነበር። በላንግሆልም የኤስክን ወንዝ የሚሻገር ድልድይ ሲሠራ ከሠራተኞቹ አንዱ እርሱ ነበር፤ በጠረባቸው ድንጋዮች ላይ የቀረጸው የግል ምልክቱ ዛሬም ይታያል። በዚያ ዘመን የድንጋይ ጠራቢ ምልክት ጌጥ አልነበረም። ሥራው ተበላሽቶ ቢገኝ ማን እንደ ሠራው እንዲታወቅ የሚደረግ ነበር። የሙያ ኃላፊነት ማለት ምን እንደ ሆነ ቴልፎርድ የተማረው በመጀመሪያ ከዚህ ይመስለናል።

በ1780 ዓ.ም. ወደ ኤድንበርግ፣ በ1782 ዓ.ም. ደግሞ ለአንድ ባለጸጋ ፈረስ ሊያደርስ ተልኮ በዚያው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ወደ ለንደን ሄደ። በለንደን ሶመርሴት ሐውስ የተባለው ትልቅ የመንግሥት ሕንፃ ይሠራ ነበርና በግንበኝነት ገባ። ከዚያም በፖርትስመዝ የመርከብ መሥሪያ ውስጥ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ ሆነ። በዚህ ቦታ ሳለ ኖራ ለምን እንደሚጠነክር፣ ድንጋይና ጭቃ በውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ሲል የኬሚስትሪ መጻሕፍት ማጥናት ያዘ። ያነበበውንም ሁሉ በኪሱ በሚይዘው ደብተር ይጽፍ ነበር። ይህን ልማድ እስከ እርጅናው አልተወውም።

በ1787 ዓ.ም. የሽሮፕሺር አውራጃ የሕዝብ ሥራዎች ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። በሚከተለው ዓመት የደረሰው ነገር ስሙን በአገሩ ሁሉ አስጠራው። በሽሩዝበሪ ከተማ የቅዱስ ቻድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ያፈስ ነበርና የደብሩ ሹማምንት ቴልፎርድን አስጠርተው እንዲያይላቸው ጠየቁት። እርሱም ዙሪያውን ከመረመረ በኋላ፣ የሚያሳስበው የጣሪያው ነገር ሳይሆን የግንቡ መሰንጠቅ መሆኑን፣ መሠረቱም በአጠገቡ በተቆፈረው መቃብር ብዛት መዳከሙን፣ ሕንፃው በቶሎ ካልተደገፈ እንደሚወድቅ ነገራቸው። ሹማምንቱ ገንዘብ ሊያስወጣን ነው ብለው ናቁት። ሦስት ቀን ያህል ቆይቶ ግንቡ ተደረመሰ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንሻለን። በዚያ ዘመን መሐንዲስ ነኝ የሚል ሁሉ መሐንዲስ ነበር። ዐዋቂውን ከአላዋቂው የሚለይ ምስክር ስላልነበረ፣ የአንድ ዐዋቂ ምክርና የአንድ አታላይ ወሬ በሹማምንት ፊት እኩል ክብደት ነበራቸው። የደብሩ ሹማምንት ክፉዎች አልነበሩም፤ ማንን እንደሚያምኑ የሚያውቁበት መንገድ ግን አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲያ የቴልፎርድ ሥራ እየሰፋ ሄደ። በ1793 ዓ.ም. በኤልስሚር ቦይ ሥራ ላይ ተመደበ። የሥራው የበላይ መሐንዲስ ዊልያም ጄሶፕ ነበር፤ ቴልፎርድ ከእርሱ ሥር ሆኖ ብዙ ተምሯል፤ በኋላ ግን የጄሶፕን ድርሻ በሚገባው መጠን አላስታወሰም ተብሎ ይወቀሳል። በዌልስ ውስጥ የዲ ወንዝ ሸለቆ በቦዩ መንገድ ላይ ተጋረጠ። ጀልባዎቹን ወደ ሸለቆው አውርዶ መልሶ ከማውጣት ይልቅ ቦዩን ራሱን በሸለቆው ላይ ለማሻገር ተወሰነ። በዐሥራ ስምንት የድንጋይ ዓምዶች ላይ 307 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ገንዳ ተዘረጋ፤ ጀልባዎችም ከወንዙ 38 ሜትር ያህል ከፍ ብለው በሰማይ እንደሚሄዱ ሆነው ያልፉ ጀመር። ፖንትክሲልቴ የሚባለው ይህ ሥራ የተፈጸመው በ1805 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከ1801 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ወደ ስኮትላንድ ደጋ አገር ላከው። ያ አገር መንገድ የሌለው፣ ሕዝቡም በችግር ምክንያት ወደ አሜሪካ የሚሰደድበት ነበር። ቴልፎርድ ከሃያ ዓመት በላይ እየተመላለሰ 920 ማይል ያህል መንገድና ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ትልልቅና ትናንሽ ድልድዮች አሠራ። ነገር ግን ሁሉም አልተሳካለትም። ስኮትላንድን ከባሕር ወደ ባሕር የሚያቋርጠው የካሌዶንያ ቦይ በሰባት ዓመት ያልቃል ተብሎ ተጀምሮ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤ ገንዘቡም ከታሰበው እጅግ በለጠ። በ1822 ዓ.ም. ሲከፈት ጥልቀቱ ከታቀደው ያነሰ ነበር፤ መርከቦችም በዚህ መሐል እየተለቁ ሄደው ነበርና የተባለውን ያህል አልጠቀመም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። ዝነኛው መሐንዲስ ጆን ስሚተንና ጓደኞቹ በ1771 ዓ.ም. አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ዳሩ ግን ታላላቆቹ መሐንዲሶች በማዕድ ዙሪያ ተሰብስበው የሚጫወቱበት እንጂ ወጣቶች የሚማሩበት አልነበረም። ስለዚህ በጃንዋሪ 2 ቀን 1818 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች በለንደን ፍሊት ጎዳና ከአንድ ቡና ቤት ተሰብስበው የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የተባለውን መሠረቱ። ሐሳቡን ያመነጨው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ገና የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ነበር። ዓላማቸው እርስ በርስ ለመማማር ነበር። ነገር ግን የሚያውቃቸው ሰው ስላልነበረ ማኅበራቸው ሁለት ዓመት ያህል እንደ ችግኝ ቀጭጮ ኖረ።

በ1820 ዓ.ም. ወደ ቴልፎርድ ሄደው ፕሬዚዳንት እንዲሆንላቸው ለመኑት። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳ ሦስት ሊሞላ የተቃረበ፣ በአገሩ የመጀመሪያው መሐንዲስ የሚባል ሰው ነበር። ስማቸው ካልተሰማ ልጆች ጋር ምን አገናኘኝ ማለት ይችል ነበር፤ እርሱ ግን እሺ ብሎ ተቀበለ። ሥራውን ሲጀምር ባደረገው ንግግር፣ በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለውን ማኅበር መንግሥት እንደሚያቋቁመው፣ በእነርሱ አገር ግን መቆሙም መውደቁም በአባሎቹ ጥረትና ጠባይ ላይ የተመሠረተ መሆኑን አስረዳ። በእርግጥም በፈረንሳይ የመንገድና የድልድይ መሐንዲሶች የመንግሥት ጓድ ከ1716 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ትምህርት ቤቱም ከ1747 ዓ.ም. ጀምሮ ነበረ።

ቴልፎርድ ለስሙ ብቻ የተቀመጠ ፕሬዚዳንት አልሆነም። በስብሰባዎቹ እየተገኘ አባሎቹ ከሥራቸው ያገኙትን ዕውቀት ጽፈው እንዲያነቡ፣ የተባለውም ሁሉ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ አደረገ። መጻሕፍቱንም ለማኅበሩ ሰጠ። የሠራውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የተሳሳተውንም ስሕተት በጓደኞቹ ፊት የሚናገር መሐንዲስ፣ ሌላው በዚያው ጉድጓድ እንዳይወድቅ ያድናል። በመጨረሻም ጁን 3 ቀን 1828 ዓ.ም. ንጉሥ ጊዮርጊስ አራተኛ ለማኅበሩ ቻርተር ሰጡት። ቻርተሩ ማንንም ሰው በቀጥታ መሐንዲስ አላደረገም። ንጉሡ ለማኅበሩ ይመሰክራሉ፤ ማኅበሩ ለአባሉ ይመሰክራል፤ አባሉም በሥራው ማኅበሩን ያስከብራል ወይም ያሳፍራል። የማዕረጉ ምስጢር ይህ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ቴልፎርድ ዌልስን ከአንግልሲ ደሴት ጋር የሚያገናኘውን የመናይ ድልድይ ሠርቶ ነበር። ርዝመቱ በሁለቱ ማማዎች መካከል 176 ሜትር ሲሆን በዐሥራ ስድስት የብረት ሰንሰለቶች ተንጠልጥሎ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ብረት ወደ ቦታው ከመሄዱ በፊት በመሣሪያ እየተጎተተ ተፈተነ፤ ዝገት እንዳይበላውም የተልባ ዘይት እንዲጠጣ ተደረገ። ድልድዩ በጃንዋሪ 1826 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ነገር ግን ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ኃይለኛ ነፋስ መትቶ ወለሉን ጎዳው።

ይህ ነፋስ በሽማግሌው ልብ ፍርሃት ሳይተው አልቀረም። በ1829 ዓ.ም. በብሪስቶል አጠገብ በክሊፍተን ገደል ላይ ስለሚሠራው ድልድይ ውድድር ተደርጎ ቴልፎርድ ዳኛ ሆነ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሃያ ሦስት ዓመቱ ኢሳምባርድ ብሩኔል ነበር። ቴልፎርድ ግን ከመናይ የሚረዝም ተንጠልጣይ ድልድይ ነፋስን አይችልም ብሎ የቀረቡትን ንድፎች ሁሉ ጣለ፤ ሲጠየቅም የራሱን ንድፍ አቀረበ። በኋላ በተደረገው ሁለተኛ ውድድር ግን አሸናፊው ብሩኔል ሆነ። በ1864 ዓ.ም. የተከፈተው የክሊፍተን ድልድይ ከመናይ ወደ 40 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እስከ ዛሬም አለ። በዘመኑ ወደር ያልነበረው ሰው እንኳ ትናንት በተማረው ላይ ከቆመ ዛሬ ሊቀደም እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ቴልፎርድ ሚስት ሳያገባ፣ ብዙ ዓመት በለንደን የእንግዳ ማረፊያ ሲኖር ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1834 ዓ.ም. ሞተ። እስከ ዕለተ ሞቱ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ነበር። የእረኛው ልጅ ነገሥታት በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር ተቀበረ። ከገንዘቡ ሁለት ሺሕ ፓውንድ ለማኅበሩ፣ ሌላውንም በልጅነቱ ላደገበት አገር ቤተ መጻሕፍት ተናዘዘ። በስሙ የሚጠራው ሜዳልያ ከ1835 ዓ.ም. ጀምሮ ለበለጠ የሙያ ጽሑፍ ሲሰጥ ኖሯል። በሽሮፕሺርም በ1960ዎቹ የተቆረቆረ አዲስ ከተማ ቴልፎርድ ተብሎ ተሰይሟል።

ማኅበሩ ከእርሱ በኋላ መመዘኛውን እያጠበቀ ሄደ። በ1897 ዓ.ም. ፈተና ተጀመረ፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮቲ ቡካናን የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና ገባች። ዛሬ በብሪታንያ ይህን ማዕረግ የሚሻ ወጣት አስቀድሞ የታወቀ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይጨርሳል። ቀጥሎ በነባር መሐንዲስ መሪነት ለዓመታት እየሠራ ያደረገውን ሁሉ ይመዘግባል። በመጨረሻ ሥራውን የሚገልጽ ጽሑፍ አቅርቦ በነባር መሐንዲሶች ፊት ይመረመራል። የሚመረመረውም በአምስት ነገር ነው፤ በዕውቀቱ፣ ችግር በመፍታት ችሎታው፣ ኃላፊነት ተሸክሞ ሰውን በመምራቱ፣ ሐሳቡን ለሌላው በማስረዳቱና ለሙያው ሥነ ምግባር በመታመኑ። ይህን አልፎም አያርፍም፤ በየጊዜው ምን አዲስ ነገር እንደተማረ መመዝገብ አለበት፤ ማኅበሩ ሲጠይቀው ደጋግሞ መልስ ቢነፍግ ስሙ ከመዝገብ ሊፋቅ ይችላል።

እኛም ካባ ለብሰን ዲፕሎማ ከተቀበልን ገና ብዙ ያልቆየን ነንና፣ ያ ቀን የትምህርት መጨረሻ ሆኖ የሚታይበትን ስሜት እናውቀዋለን። የቴልፎርድ ታሪክ ግን ሁለት ነገር ይነግረናል። የመጀመሪያው፣ ማዕረግ የሚገኘው በሥራና በሚያውቁን ሰዎች ምስክርነት ነው፤ ወረቀቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ የተገኘው ማዕረግ የሚጠበቀው በመማር ነው፤ በመናይ ያሸነፈው ሰው በክሊፍተን የተሸነፈው ዕውቀት አንሶት ሳይሆን አንድ ጊዜ የቆመበትን ወሰን የሰው ሁሉ ወሰን አድርጎ ስለ ገመተ ነው።

ደግሞም ማኅበሩን ያቋቋሙት ስም የሌላቸው ወጣቶች መሆናቸው አይዘንጋ። ትእዛዝ ከላይ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ በቡና ቤት ተሰብስበው ጀመሩ፤ ከዚያም የሚያከብሩትን ሽማግሌ ሄደው ጠሩ። ሽማግሌውም ሳይንቃቸው መጣ። የጠራቢው ምልክት በላንግሆልም ድንጋይ ላይ እንዳለ ሁሉ፣ በምንሠራው ሥራ ላይ ያለ ኀፍረት ስማችንን ልንጽፍበት የምንችል መሆን አለመሆናችንን እያንዳንዳችን በየመሥሪያ ቤታችን እንጠይቅ።