ላይማን ስፒትዘርና የማይታየው ጋዝ

ሌሊት ሰማይን የሚመለከት ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በከዋክብት ላይ ነው፤ በመካከላቸው ስላለው ጨለማ የሚያስብ ጥቂት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ላይማን ስፒትዘር የዕድሜያቸውን አብዛኛውን ክፍል የሰጡት ለዚሁ ጨለማ ነበር።

ስፒትዘር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንደዚሁ ነው) በ1914 በኦሃዮ ግዛት በቶሊዶ ከተማ ተወለዱ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1935 ተመረቁ፤ በ1938 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። በጦርነቱ ዘመን በሶናር ጥናት ላይ ሠሩ። በ1947፣ ገና በ33 ዓመታቸው፣ የፕሪንስተን የሥነ ፈለክ ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ስፑትኒክ ከመምጠቁ 11 ዓመት በፊት፣ ቴሌስኮፕ ከምድር ከባቢ አየር በላይ መቀመጥ እንዳለበት የሚያስረዳ ጽሑፍ አቅርበው ነበር። አየራችን፣ በተለይም ኦዞን፣ አልትራቫዮሌት ጨረርን ይውጣል። ለሕይወት ጋሻ የሆነው ይህ አየር ለተመራማሪው መጋረጃ ሆኖበት ኖሯል፤ የስስ ጋዝ ዋና ዋና ምልክቶች የሚገኙት በዚሁ ጨረር ውስጥ ነውና። ዘዴው ቀላል ነው። ከጋዙ በስተኋላ ያለ ደማቅ ኮከብ እንደ ፋኖስ ያገለግላል፤ ብርሃኑ ሲያልፍ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን የሞገድ ርዝመት ያስቀርበታል፤ ብርሃኑ በስፔክትሮግራፍ ሲዘረዘር በዚያ ቦታ ጥቁር መስመር ይታያል። ከመስመሩ ጥንካሬ የጋዙ ብዛት፣ ከመስመሩ መዛነፍ ፍጥነቱ ይሰላል።

ከሥራቸው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የ1956ቱ ነው። ጊዶ ሙንክ የተባሉ ተመራማሪ ከፍኖተ ሐሊብ ዝርግ ርቀው የሚገኙ የጋዝ ደመናዎችን አይተው ነበር። ስፒትዘር ያነሡት ጥያቄ መሐንዲስ የሚያነሣው ዓይነት ነበር፦ ደመናው በባዶ ኅዋ ውስጥ ከሆነ ስለ ምን አይበተንም? ከውጭ የሚጫነው ነገር መኖር አለበት። እጅግ ስስ ሆኖ በቂ ግፊት የሚሰጥ ደግሞ እጅግ የጋለ ጋዝ ብቻ ነው። ስሌቱ አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ የጋለ፣ በሁለት ሊትር መጠን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ የሚገኝበት ጋዝ ሰጣቸው። ከ2,000 አንግስትሮም በታች ካልሆነ በቀር እንደማይታይም ገለጹ። እንግዲህ ሐሳቡ እውነት ይሁን ሐሰት የሚያረጋግጠው መሣሪያ ገና አልተሠራም ነበር።

የመሣሪያው ታሪክ ለሙያችን ቅርብ ነው። ከተከታታዮቹ የኅዋ ሥነ ፈለክ ሳተላይቶች የመጀመሪያው በ1966 ምሕዋር ገብቶ ወዲያው በኃይል አቅርቦት ብልሽት ከሸፈ። በ1968 የተላከው ሠራ። በ1970 የተላከው መሸፈኛው አልላቀቅ ብሎ ወደቀ። ተራ ይጠብቅ የነበረው የስፒትዘር መሣሪያ ነው! በኦገስት 1972 የ80 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፑ መጠቀ፤ ኮፐርኒከስ ተባለ። ከአንድ የቅስት ሴኮንድ እጅግ ባነሰ ስሕተት ኮከብ ላይ ያነጣጥር ነበር። አምስት ኤሌክትሮኖቹን ያጣ ኦክስጅን በ1,032 እና በ1,038 አንግስትሮም የሚተወውን መስመር በብዙ ከዋክብት ፊት አገኘ። ያየው ግን በአቅራቢያችን ያለውን የጋለ ጋዝ ነበር፤ ከፍኖተ ሐሊብ ዝርግ በላይ ያለውን ማየት ለኋለኞቹ መሣሪያዎች ቀረ።

በኅዋ ላይ ስለ ተቀመጠው ትልቅ ቴሌስኮፕ፣ ስለ ሀብል፣ ስፒትዘር የአሜሪካን ምክር ቤት አባላት ለማሳመን ብዙ ደክመዋል፤ እርሱም በ1990 መጠቀ። በ1951 በጋለ ፕላዝማ የኑክሌር ኃይል ለማመንጨት የጀመሩት ጥናት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ተራራ መውጣትም ይወዱ ነበር።

በማርች 31 ቀን 1997 በፕሪንስተን ሲሠሩ ውለው በዚያው ዕለት በ82 ዓመታቸው ዐረፉ። በ2009 በሀብል ላይ የተተከለው የአልትራቫዮሌት ስፔክትሮግራፍ ከሩቅ በሚመጣው የኳሳር ብርሃን ሌሎች ጋላክሲዎችን መረመረ፤ ያንኑ ኦክስጅን በኮከብ አምራች ጋላክሲዎች ዙሪያ በሰፊው ተሰራጭቶ አገኘው። በስፒትዘር ስም የተሰየመው ከ2003 እስከ 2020 የሠራው ቴሌስኮፕ ግን በኢንፍራሬድ የሚያይ ነበር።