የጠያቂው ሥልጣንና የኑዌሩ ተጠያቂ

በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው ሐሳብ ሥልጣኑን የያዘው ወገን ሐሳብ እንደ መሆኑ መጠን ቃለ መጠይቅም ከዚህ ሕግ ውጭ ሊሆን አይችልም። ጥያቄውን ማን ቀረጸው? መልሱስ ወዴት ይጓዛል? የእንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ የኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ሕይወት ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሰውዬው በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሴክስ ከቄስ አባት ተወለደ። በዚያው ዓመት ብሪታንያ ከአፄ ምኒልክ ጋር በተዋዋለችው መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የማቋቋም መብት አገኘች፤ ጋምቤላ ላይ የቆመው ይኸው ጣቢያ፣ የኢጣሊያ ጦር ከያዘው አጭር ጊዜ በቀር፣ ሱዳን ነፃ እስከ ወጣችበት እስከ 1956 ድረስ በቅኝ አስተዳደሩ እጅ ቆየ።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ በኦክስፎርድና በለንደን ተምሮ በሱዳን የአዛንዴን ሕዝብ አጠና። ወደ ኑዌር ምድር በ1930 የሄደው ግን የቅኝ መንግሥቱ ጠይቆት፣ አብዛኛውንም ወጪ ሸፍኖለት ነው። አንባቢ ጊዜውን ልብ ይበል፤ አስተዳደሩ የኑዌርን ሠፈሮች በአውሮፕላን ደብድቦ፣ ነቢዩን ጉዌክን በ1929 ከገደለ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው።

በኛንዲንግ ወንዝ ቹኦል ከተባለ ኑዌር ጋር ያደረገው ንግግር በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ሰፍሯል። ስሙን ሲጠይቀው ቹኦል በእርግጥ ማወቅ ይፈልግ እንደ ሆነ ደጋግሞ መልሶ ጠየቀው። ስሙን ከተናገረ በኋላም የጠያቂውንና የአባቱን ስም አስነገረ። አባትና ልጅ ሁለቱም ፕሪቻርድ መባላቸውን ሲሰማ ነገሩ እውነት ሊሆን እንደማይችል ፈረደ፤ በአባቱ ስም ለሚጠራው ለአገራችን አንባቢም ፍርዱ እንግዳ አይሆንበትም። የትውልድ ሐረጉ ስም በተጠየቀ ጊዜ ሰውዬው ይህን ወደ አገሩ ይዞት ሊሄድ እንደ ሆነ መረመረው። በመጨረሻ ሊቁ ማወቅ አልሻም እስከ ማለት ደረሰ፤ ቹኦልም ካልፈለገው ለምን እንደ ጠየቀ አፋጥጦ ትምባሆ እንዲሰጠው አዘዘው።

ብዙዎች ይህን እንደ ቀልድ ያነቡታል። ቀልድ ግን አይደለም። ጠመንጃውና አውሮፕላኑ ከጠያቂው ወገን በነበሩበት ሰዓት ለተጠያቂው የቀረው መሣሪያ መልሱን መያዝ ነበር። በዚያው ጉዞ አንድ ማለዳ ወታደሮች ሊቁ የተቀመጠበትን የከብት ሠፈር ከበቡ፤ ሁለት ነቢያትን ፈልገው ሰዎችን በመያዣነት ወሰዱ። ብዙም ሳይቆይ አካባቢውን ለቆ ሄደ።

ለሰውዬው የሚገባውን መንፈግ አያስፈልግም። ሽንፈቱን ሳይደብቅ አትሟል። አስተዳደሩ አጥብቆ ይፈልግ የነበረው የሚታዘዝለትን አለቃ ነበር፤ እርሱ በ1940 ያሳተመው መጽሐፍ ግን ኑዌር ያለ ገዥ ሥርዓት ያለው ሕዝብ መሆኑን አስረዳ። ስለዚህ ስሕተቱ ከመልሱ ሳይሆን አለቃ መኖር አለበት ብሎ ከተነሣው ጥያቄ ላይ ነበር።

በ1940 እና በ1941 በአኮቦና በጊላ ወንዞች አካባቢ ጥቂት አኝዋኮችን አስታጥቆ ከኢጣሊያኖች ጋር ተዋጋ። ከ1946 እስከ 1970 በኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆኖ በ1973 ሞተ። በዚያው ዓመት ታላል አሳድ ያዘጋጁት መጽሐፍ የሥነ ሰብእን ጥናትና የቅኝ አገዛዝን ዝምድና ለክርክር አቀረበ።

በ2014 የደረሰው ጎርፍ ሌሎች መጠለያዎችን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ በ2015 ጀዊ ላይ በተቋቋመው መጠለያ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ኑዌሮች ሰፈሩ። በምዝገባው ጠረጴዛ ስም፣ የቤተሰብ ቁጥርና የመጡበት ሥፍራ ይጠየቃል፤ በየቀበሌው ቅጽ ሲሞላ የኖረ ሰው ሁኔታውን ያውቀዋል። ጋዜጠኛው ደግሞ መቅረጸ ድምፁን ይዞ ስለ ሞትና ስለ ረኃብ ይጠይቃል፤ ጦርነቱ ለምን እንደ ተነሣ ግን እምብዛም አይጠይቃቸውም፤ ያንን የሚጠየቁት ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች ናቸው። ቹኦል ከብቱ የራሱ ነበርና መልሱን ይዞ ትምባሆ መጠየቅ ችሏል። በጀዊ ግን እህሉ የሚሰፈረው በተመዘገበው ስም ነው።