ማሪ ኩሪ፦ የልጆች የፊዚክስ መምህርት

የማሪ ኩሪ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ራዲየምንና ሁለቱን የኖቤል ሽልማቶች ነው። ብዙ ያልተወራለት ሌላ ሥራ ግን ነበራት። ገና ለአቅመ ዩኒቨርሲቲ ያልደረሱ ልጆችን ቤተ ሙከራ አስገብታ ፊዚክስን በእጃቸው እያስነካች ታስተምር ነበር።

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በ1867 ዋርሶ ከተማ ተወለደች። አባቷ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ነበሩ። ፖላንድ በዚያ ዘመን በሩሲያ ንጉሥ አገዛዝ ሥር ስለነበረች፣ ባለሥልጣኖቹ የፖላንድ ልጆች በትምህርት ቤት ሙከራ እየሠሩ እንዳይማሩ ከለከሉ። አባቷም መሣሪያዎቹን ወደ ቤት ይዘዋቸው መጡ። ትንሿ ማሪያ በመስተዋት ቁም ሳጥን ውስጥ የተደረደሩትን የመስተዋት ቱቦዎችና ትንንሽ ሚዛኖች እያየች አደገች። የሚነካቸው ተማሪ ግን አልነበረም።

በ15 ዓመቷ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልማ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች። ነገር ግን የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ከቤት ቤት እየተዘዋወረ በድብቅ በሚሰጥ ትምህርት ተማረች። ቀጥሎ ገጠር ወርዳ በአንድ ባለጸጋ ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ተቀጠረች። ከደመወዟም ፓሪስ ሕክምና ለምትማረው እህቷ ትልክ ነበር። በትርፍ ሰዓቷ የመንደሩን የገበሬ ልጆች ሰብስባ በፖላንድኛ ማንበብና መጻፍ ታስተምራቸዋለች። ቢደረስባት ቅጣቱ እስከ ሳይቤሪያ ግዞት ሊደርስ ይችል ነበር። የማሪ ኩሪ መምህርነት የጀመረው እንግዲህ ከዚያች የገጠር ክፍል ነው እንጂ ከፓሪስ አይደለም።

በ1891 ተራው የእሷ ሆነና ፓሪስ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ ማስረዘም አያስፈልግም። ሶርቦን ተማረች፣ ፒየር ኩሪን አገባች፣ በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ፣ በ1903 ኖቤል ተሸለሙ። በ1906 ፒየር መንገድ ሲያቋርጥ የፈረስ ጋሪ ገጭቶት ሞተ። ማሪ የስምንት ዓመቷን ኢሬንን እና ገና አንድ ዓመት ያለፋትን ኤቭን ይዛ ቀረች።

ኢሬን ለትምህርት ስትደርስ እናቷ የፓሪስን ትምህርት ቤቶች አልወደደቻቸውም። ልጆች አየር በሌለው ክፍል ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው መሸምደዳቸው ጤናቸውንም አእምሯቸውንም የሚጎዳ መሰላት። የሶርቦን ጓደኞቿን አማከረችና በ1907 አሥር የሚሆኑ ልጆች ያሉበት ማኅበር አቋቋሙ። ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ አስተማሪዎቹ ወላጆቹ ራሳቸው ነበሩ። ዣን ፔረን ኬሚስትሪ፣ ፖል ላንዥቫን ሒሳብ፣ ማሪ ፊዚክስ ያዙ። ሁለቱ ወንዶችም በዓለም ስመ ጥር ሳይንቲስቶች ናቸው። ያንን የመሰለ የመምህራን ስብስብ በገንዘብ የሚገዛው አልነበረም!

ማሪ ሰሌዳ ላይ ቀመር በመጻፍ አልጀመረችም። የብስክሌት ኩሽኔታ ኳስ ቀለም ውስጥ ነክራ ዘቅዘቅ ባለ ሰሌዳ ላይ ትለቅቀዋለች፤ ኳሱ ሲወርድ የሚተወው የጎበጠ መስመር ነገር እንዴት እንደሚወድቅ ለልጆቹ በዓይናቸው ያሳያቸዋል። ውኃ ውስጥ የሚሰምጥ እንቁላል ጨው ሲጨመርበት እንደሚንሳፈፍ አሳይታ መርከብ ለምን እንደማይሰምጥ ታስረዳለች። ቴርሞሜትር ራሳቸው እንዲሠሩም አደረገቻቸው። ከገበያ ከተገዛው ጋር ሲያነጻጽሩት አንድ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም።

አንድ ቀን ትኩስ ነገር የያዘ ዕቃ እንዳይቀዘቅዝ ምን ይደረግ ብላ ጠየቀቻቸው። ብልሆቹ ልጆች በሱፍ እንጠቅልለው፣ እንዲህ እናድርገው፣ እንዲያ እናድርገው አሉ። እሷ ግን ፈገግ ብላ መጀመሪያ ክዳኑን እንደምትከድን ነገረቻቸው። ማንኛዋም ባለሙያ እናት የምታውቀው መልስ ነው፤ ፊዚክስ ከወጥ ቤት የራቀ እንዳይመስላቸው ብላ ያደረገችው ይመስላል። በንጽሕና በኩል ግን ቀልድ አታውቅም ነበር። ሥራ ሲያልቅ እናጸዳዋለን ማለት አይቻልም፤ መጀመሪያውኑ ማቆሸሽ አይፈቀድም።

ኢዛቤል ሻቫን የተባለች ተማሪ የእነዚያን ትምህርቶች ማስታወሻ በጥንቃቄ ትይዝ ነበር። ደብተሯ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ተገኝቶ በመጽሐፍ ታተመ። ሙከራዎቹ ዛሬ ከሚታወቁባቸው ምንጮች አንዱ እሱ ነው።

ማኅበሩ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ተበተነ። ወላጆቹ በሥራ ተወጠሩ። ልጆቹም እዚህ አገር ባግሩት እንደሚባለው ዓይነት የመንግሥት ፈተና ይጠብቃቸው ስለነበር በመደበኛው ሥርዓት ውስጥ ማለፍ ግድ ሆነ። ዓለም ያከበራት ሴት እንኳ ልጇን ከፈተና ማስቀረት አልቻለችም። ማሪ ግን ማስተማሩን አልተወችም። ለዕረፍት ሲለያዩ የሒሳብ ጥያቄ በደብዳቤ ትልክላታለች፤ ኢሬንም ሠርታ ትመልሳለች።

በ1914 ጦርነት ሲነሳ ኢሬን 17 ዓመት ሊሞላት ነበር። ማሪ መኪኖች ላይ የራጅ መሣሪያ አስጭና ወደ ግንባር ስትሄድ ልጇንም አስከተለቻት። ኢሬን በ18 ዓመቷ ቤልጅግ ውስጥ ባለ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ለብቻዋ የራጅ ኃላፊ ሆነች። በእግር ውስጥ የገባው ፍንጣሪ የት እንዳለ በጂኦሜትሪ እየለካች ታሳይ ነበር፤ ያላመናትን ሐኪምም ስሌቱን ማስረዳት ነበረባት። ቆይተው እናትና ልጅ በፓሪስ ሴቶችን ሰብስበው የራጅ ሙያ አስተማሩ፤ ከ150 ያላነሱ ሴቶች ሠለጠኑ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። የጨረሩ ጉዳት በዚያ ጊዜ በደንብ አልታወቀም፤ መከላከያውም እጅግ ጥቂት ነበር። እናት ለልጇ የሰጠችው ዕውቀትና አደጋ በአንድ እጅ የመጡ ናቸው። ማሪ አውቃ ልጇን ለጉዳት ዳረገች ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የራሷንም ገላ አላዳነችም።

ኢሬን ከጦርነቱ በኋላ በእናቷ ቤተ ሙከራ ቀጠለች። በ1925 ላንዥቫን ያስተማረውን ፍሬዴሪክ ዦልዮ የተባለ ወጣት ማሪ ስትቀጥረው፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ገና አልነበረውም፤ እየሠራ እንዲማርም አደረገችው። የጨረርን ሥራ ያሳየችው ኢሬን ነበረች፤ በዓመቱ ተጋቡ። በ1934 መጀመሪያ ላይ ሁለቱ በሰው እጅ ጨረር የሚሰጥ ቁስ ሠሩና ውጤቱን ለማሪ አሳዩአት። እሷ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በደም ሕመም አረፈች፤ ልጇና አማቿ በ1935 የተቀበሉትን ኖቤል አላየችም። የዣን ፔረን ልጅ ፍራንሲስም፣ ከእነዚያ ትንንሽ ተማሪዎች አንዱ፣ የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ የፈረንሳይን የአቶም ኃይል ኮሚሽን ለረጅም ዓመታት መራ።

ኢሬን በ1956 በደም ካንሰር ሞተች። ዕድሜዋ 58 ነበር።