ኬኔዲ ማክአርተር፦ በስቶክሆልም ሐሩር ወርቅ ያጠለቀው የጆሃንስበርግ ፖሊስ

በታኅሣሥና በጥር በጻካኔ ለሩጫ የሚወጣ ሰው ሰዓቱን መምረጥ ግድ ይለዋል። ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በዚህች የጥቁሮች መኖሪያ ከተማ ያ ወቅት የበጋው አናት ነው። ፀሐይ ማልዳ ትወጣለች፣ ረፋዱ ላይ አስፋልቱ ይግላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ ያዘለ ዝናብ ድንገት ይወርዳል። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ መሆኑን ሲሰሙ የሚያውቁት ደጋ ይመስላቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ቀጭን አየርን የለመደ ሳንባ ሙቀትን ለመደ ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙዎችን ዋጋ አስከፍሏል።

ይህን ትምህርት ያለ አስተማሪ ከተማሩት አንዱ ከመቶ ዓመት በፊት በጆሃንስበርግ ፖሊስ የነበረው ኬኔዲ ኬን ማክአርተር ነው። ስሙ ዛሬ ከደቡብ አፍሪካ ውጭ እምብዛም አይነሳም። ነገር ግን ከአበበ ቢቂላ በፊት ለአንድ አፍሪካዊ አገር ተሰልፎ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈ እርሱ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማክአርተር አፍሪካ ውስጥ አልተወለደም። የተወለደው በ1881 በሰሜን አየርላንድ፣ አንትሪም በሚባለው ግዛት በምትገኘው በደርቮክ መንደር ነው። የመንደሩ ሰዎች ሲተርኩ ወጣቱ ኬኔዲ ደብዳቤ በማመላለስ ሥራ ላይ ሳለ በአካባቢው ከሚያልፈው ባቡር ጋር ይሽቀዳደም ነበር ይላሉ። የመንደር ጨዋታ ከዓመት ወደ ዓመት እየጣፈጠ መሄዱ ያለ ነው፤ ልጁ ሯጭ እንደነበር ግን ማንም አይክድም። በ1901፣ በ20 ዓመቱ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። በ1906 በጆሃንስበርግ ፖሊስ ተቀጠረ፤ ሩጫን በቁም ነገር የያዘውም ከዚያ በኋላ ነው።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ88፣ ክብደቱ 77 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ለረጅም ርቀት ሯጭ ይህ ትልቅ ሰውነት ነው። የሚያውቁት ሰዎች ልምምድ ላይ ቸልተኛ እንደነበር ተናግረዋል። ያም ሆኖ በ1907 እና በ1908 በትራንስቫል የግማሽ ማይል፣ የአንድ ማይልና የአገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነ። ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ ደግሞ ያሸነፈው ቀላል ሰው አልነበረም፤ በ1908 በለንደን ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘውን የአገሩን ልጅ ቻርልስ ሄፈሮንን ነው።

የሄፈሮን የለንደን ታሪክ የዚያን ዘመን ሯጮች እውቀት ያሳያል። ሄፈሮን ያን ቀን ውድድሩን እየመራ ነበር። ፍጻሜው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው የተሰጠውን ሻምፓኝ ጠጣ፤ ሆዱን ቆረጠው፣ ቀደሙትም። ከዚያ አራት ዓመት በፊት በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በተካሄደው ኦሊምፒክ ደግሞ አሸናፊው ቶማስ ሂክስ በመንገድ ላይ ከእንቁላል ነጭ ጋር የተቀላቀለ ስትሪክኒን የተባለ መርዝና ብራንዲ እየተሰጠው ነበር የሮጠው። ሙቀቱ 32 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ አዘጋጆቹ በመንገዱ ውሃ እንዳይበዛ ያደረጉት ሆን ብለው ነው። ከ32 ሯጮች የጨረሱት 14 ብቻ ነበሩ። ከነዚያ 14 መካከል ሁለት ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ይገኛሉ፦ ሌን ታውንያኔ 9ኛ፣ ጃን ማሺያኒ 12ኛ ወጡ። ወደ ከተማዋ የሄዱት ለሩጫ ሳይሆን በዚያው በሚካሄደው የዓለም ትርዒት የቦር ጦርነትን በሚያሳየው ክፍል ለመሥራት ነበር። ታውንያኔን ውሻ አሳድዶ ከመንገዱ ባያስወጣው ኖሮ ደረጃው ከዚህ የተሻለ ይሆን እንደነበር ይነገራል። ከእነርሱ በኋላ አገሪቱ የነጮችን ቡድን ብቻ እየላከች አሥርት ዓመታት አለፉ። የማክአርተር ድልም በዚያ አጥር ውስጥ የተገኘ ድል መሆኑን መርሳት አይገባም።

ጁላይ 14 ቀን 1912 ስቶክሆልም ላይ የሆነውን ለመረዳት በመጀመሪያ የአየሩን ተቃርኖ ማሰብ ያስፈልጋል። ጁላይ በጆሃንስበርግ የብርድ ወር ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ሣሩ ይደርቃል። በስዊድን ያን ቀን የነበረው ግን ማንም ያልጠበቀው ሐሩር ነው። ውድድሩ የተጀመረው ቀትር ካለፈ በኋላ፣ ሙቀቱ በጥላ ሥር እንኳ 30 ዲግሪ በደረሰበት ሰዓት ነበር። መንገዱ ከስታዲየም ወጥቶ እስከ ሶለንቱና ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሚመለስ 40.2 ኪሎ ሜትር ሲሆን 68 ሰዎች ተሰልፈዋል። ግማሽ የሚሆኑት ሳይጨርሱ ቀሩ።

እያንዳንዱ ሯጭ ለሙቀቱ የተዘጋጀው በራሱ ግምት ነበር። የፖርቱጋሉ ፍራንሲስኮ ላዛሮ በሙያው አናጺ፣ ዕድሜው 21 ነው። ፀሐይ እንዳትለበልበው ቆዳውን በሰም፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ደግሞ በሞራ ቀባ። የሰው ሰውነት በሙቀት ጊዜ የሚበርደው ላቡ ከቆዳው ላይ ሲተን ነው። ላዛሮ ሳያውቀው ይህን በር ዘጋው። 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወደቀ፣ በማግስቱ ጠዋት ሞተ። በዘመናዊው ኦሊምፒክ በውድድር ላይ በደረሰበት ጉዳት ሕይወቱን ያጣ የመጀመሪያው ሰው ነው። የጃፓኑ ሺዞ ካናኩሪ ደግሞ በመርከብና በሳይቤሪያ ባቡር ሳምንታት ተጉዞ የደረሰ፣ በጉዞው የደከመ ሰው ነበር። በመንገድ ላይ አቅሉን ሊስት ሲል በአንድ ቤት ጓሮ የተሰበሰቡ ሰዎች አስገቡት፣ አጠጡት፤ ለአዘጋጆቹ ሳይናገር ወደ አገሩ ተመለሰ። ስዊድናውያን በ1967 ጋብዘውት የቀረችውን መንገድ ሮጦ ሲጨርስ የተመዘገበለት ሰዓት ከ54 ዓመት በላይ ነው።

ማክአርተርና የቡድን ጓደኛው ክርስቲያን ጊትሻም ግን ከፊት ነበሩ። መጀመሪያ ላይ የፊንላንዱ ታቱ ኮሌህማይነን መራ። በመዞሪያው ላይ ጊትሻም ቀድሞ ደረሰ፣ ማክአርተር ከኋላው ተከተለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን እየሮጡ ሌሎቹን ጥለው ሄዱ። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ጊትሻም ውሃ ለመጠጣት ቆመ። እንደሚነገረው ማክአርተር ሊጠብቀው ቃል ገብቶለት ነበር። አልጠበቀውም። ብቻውን ወደ ስታዲየሙ ገባ፣ በ2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ ጨረሰ። ጊትሻም አንድ ደቂቃ ባልሞላ ልዩነት ተከትሎ ገባ። ሦስተኛ የወጣው አሜሪካዊው ጋስተን ስትሮቢኖ ነው።

ስለዚያች ቅጽበት የተሰጠው ፍርድ ብዙ ነው። ከዳተኛ ያሉት አሉ። ውድድር ላይ የሚጠባበቅ የለም ያሉም አሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሌላ ነገር ይታየዋል፤ በዚያ ሙቀት አርባ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሮጠ ሰው ከቆመ እንደገና መነሣቱን እርግጠኛ መሆን አይችልም። ማክአርተር ጓደኛውን የተወው ልቡ ደንድኖ ይሁን ወይም ራሱን ፈርቶ፣ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጊትሻም በ1920 በአንትወርፕ ኦሊምፒክ እንደገና ከመሪዎቹ ጋር ሮጦ ሳይጨርስ ቀረ። የተነፈገው ወርቅ ሳይመለስለት ሩጫውን ዘጋ።

ከድሉ በላይ የሚያስገርመው ግን እንዴት እንደቻለው ነው። ዛሬ ያለው እውቀት ለማክአርተር አያደላም። ትልቅ ሰውነት ሲሮጥ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ ለማስወጣትም ይቸገራል፤ በሐሩር የሚያሸንፉት ብዙውን ጊዜ ትንንሽና ቀጫጭን ሯጮች ናቸው። የመጣውም ከብርድ ወራት ነው። በእርግጥ ከደቡብ አፍሪካ ወደ አውሮፓ የሚሄድ መርከብ ሁሉ የምድር ወገብን ያቋርጣል፣ ለቀናትም በወላፈን ውስጥ ይጓዛል። ያ ጉዞ ሰውነቱን አዘጋጅቶት ይሆን ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እርሱ ግን እንደ ዝግጅት የቆጠረው አይመስልም።

ለጥያቄው በሙከራ የተደገፈ መልስ የተገኘው በዚያው በጆሃንስበርግ ነው፤ የተገኘው ግን በሩጫ ሜዳ ሳይሆን ከመሬት በታች ነው። የጻካኔ ጎረቤቶች የሆኑት ብራክፓን፣ ስፕሪንግስና ናይጀል የወርቅ ከተሞች ነበሩ። ጉድጓዶቹ እየጠለቁ በሄዱ ቁጥር ዓለቱ ይግላል፣ አየሩ በእርጥበት ይታፈናል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ማዕድን ቆፋሪዎች በሙቀት ተመትተው መሞት ጀመሩ። በ1930ዎቹ ሲቲ ዲፕ በተባለው ማዕድን ይሠራ የነበረው ሐኪም አልዶ ድሪዮስቲ አዲስ ሠራተኞችን በአንድ ጊዜ ወደ ሙቀቱ ከማስገባት ይልቅ ቀስ በቀስ ማላመድን ሥርዓት አደረገው። በኋላም የማዕድን ኩባንያዎች ማኅበር ተመራማሪዎች የነበሩት ሲሪል ዊንድሃምና ኒኮላስ ስትራይደም ሥራውን አስፋፉት። አዲስ ቅጥረኞች በሞቀና በእርጥበት በተሞላ አዳራሽ ውስጥ በየቀኑ ለሰዓታት ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ሰውነታቸውን ያለማምዱ ነበር። ሠራተኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፣ ዓላማውም ወርቁ ሳይቋረጥ እንዲወጣ ነው። እውቀቱን ስናመሰግን በማን ላብ እንደተገኘ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ያ እውቀት ዛሬ የየትኛውም ሯጭ ነው። ሰውነት ከሙቀት ጋር የሚላመደው ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃማው የደም ክፍል ይጨምራል፣ የልብ ምት ይቀንሳል። ከዚያ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ መጠኑ ይበዛል፣ ጨውነቱ ግን ይቀንሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው በየቀኑ በሙቀት ውስጥ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ የሚበልጥ ቀለል ያለ ሩጫ ነው። ልምምዱ ከተቋረጠ ግን ጥቅሙ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ያለፈው ዓመት በጋ ለዘንድሮ አይቀመጥም።

ስለ ውሃም ዊንድሃምና ስትራይደም በ1969 ባወጡት ጥናት ረጅም ርቀት ሲሮጡ ከክብደታቸው ከ3 በመቶ በላይ ፈሳሽ ያጡ ሰዎች የሰውነታቸው ሙቀት ከፍ ማለቱን አሳዩ፤ በውድድር መጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች መጠጣትን የሚከለክለውን የዘመኑን ደንብም ነቀፉ። ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በ1980ዎቹ የኬፕ ታውኑ ቲም ኖክስ ከመጠን በላይ የጠጡ ሯጮች በደማቸው ያለው ሶዲየም ቀጥኖ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም እንደሚይዛቸው አሳየ። ዛሬ ለአብዛኛው ሰው የሚሰጠው ምክር ጥም ሲሰማ መጠጣት፣ ነገር ግን ውሃ በሩቅ እንዳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ጊትሻም ጠምቶት መቆሙ ስህተት አልነበረም ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ በቅርቡ ዶሃ ላይ አይተውታል። በ2019 የዓለም ሻምፒዮና የሴቶቹ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከነዚያ መካከል ነበሩ። ከቀናት በኋላ በዚያው ከተማ በወንዶቹ ማራቶን ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። በ1996 በአትላንታ የበጋ ሙቀት ደግሞ ፋጡማ ሮባ የሴቶቹን ማራቶን ስታሸንፍ፣ ከሳምንት በኋላ የወንዶቹን ያሸነፈው በድንጋይ ከሰል ማዕድን ይሠራ የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ጆሲያ ቱግዋኔ ነበር። ለደቡብ አፍሪካ ተሰልፎ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር እርሱ ነው፤ ከታውንያኔና ከማሺያኒ በኋላ 92 ዓመት አልፎ።

ማክአርተር ከስቶክሆልም በኋላ ብዙ አልሮጠም። በ1913 የደረሰበት አደጋ ሩጫውን አስቆመው። በሕይወቱ ስድስት ማራቶን ሮጦ በአንዱም አልተሸነፈም። የቀረውን ዕድሜውን ያሳለፈው ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በፖቸፍስትሩም ሲሆን፣ እዚያ አንድ ስታዲየም በስሙ ተሰይሟል። ያረፈው ጁን 13 ቀን 1960 ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 10፣ የሮም ኦሊምፒክ አዘጋጆች የከተማቸውን ሙቀት ፈርተው ማራቶኑን ወደ አመሻሽ አዘዋወሩት። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ፣ በችቦ ብርሃን ውስጥ፣ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሲገባ ሰዓቱ 2:15:16 ነበር።